የደስታ አጻጻፍ አራተኛው ደንብ

ቦሁም፣ ጀርመን
ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1973

ለተከበሩ አጎቴ ለናም ሳንጊ

በረዶው ሊቀልጥ ሲል ብርዱ ይበልጥ ይጠናልና በዚህ ወራት ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤተሰቡስ ሁሉ በደህና ከረመ? እኔ በእርስዎ ደግነት ደህና ነኝ። የሆስፒታሉንም ሥራ በእርስዎ ደግነት ለምጄዋለሁ።

ልብ ብለውልኛል? «በእርስዎ ደግነት» ሁለት ጊዜ ብያለሁ። በየክረምቱ እኛን የሶንጎክን ልጃገረዶች በእንግዳ ክፍልዎ ሰብስበው ደስታ ለታላቅ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማሩንን አልረሳሁም። አንደኛ፣ የራስን ደስታ አሳንሶ፣ ምክንያቱን ለታላቁ ሰጥቶ መጻፍ ነው። ሁለተኛ፣ የሌላውን ደስታ ሲቀበሉ መስመር ቀይሮ፣ ከፍ አድርጎ፣ «ደስታዬ ልክ የለውም» ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የደስታ ወሬ ለያዘ ደብዳቤ የደስታ መስመር የሌለው መልስ መስጠት ስድብ ነው። አራተኛም ደንብ ነበረ፤ እሱ ጠፍቶብኛል። ያን ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ በፒፓዎ አናቴን መታ እንዳደረጉኝ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

እንግዲህ በደንቡ መሠረት ልናገር፦ በእርስዎና በእናቴ ደግነት ባል ላገባ ነው።

ስሙ ባንግ ጄሙክ ይባላል። ከአገር ቤት መጥቶ እዚህ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል የሚቆፍር ሰው ነው። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነው። አይጠጣም ብል ውሸት ነው፤ ሲጠጣ ግን ይዘፍናል እንጂ ሰው አይጣላም። ደብቃኛለች ብለው በኋላ እንዳያኮርፉኝ ዋናውንም ልናዘዝ፤ የናጁ ልጅ ነው። አዎ፣ የቾላ ክፍለ ሀገር ሰው። እኛ የግዮንግሳንግ ሰዎች ስለ ቾላ ሰው የምንለውን አውቃለሁ፤ ግማሹን የሰማሁት ከእርስዎው አፍ ነው።

ሠርጉ ለኦክቶበር ታስቧል። እናቴ ፊደል ስለማታውቅ ይህን ያንብቡላትና የምትለውን በእጅዎ ይጻፉልኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የሩቅ ዘመድ ሆነው ሳለ እንደ ቅርብ የያዙን እርስዎ ነዎትና ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እናቴ ደስ ካላላት አላገባም። ይህን ለጄሙክም ነግሬዋለሁ።

ለጉልበቷ የሚሆን መድኃኒት ለብቻው ልኬያለሁ።

ከሩቅ ሆና የምትሰግድልዎ፣
ማልሱን


ሶንጎክ
ማርች 29 ቀን 1973

ለማልሱን

ከቤታችን በላይ ባለው ኮረብታ የፀደይ አበባ ፈንድቷል። በሰው አገር ጤናሽ እንደምን ነው?

ደብዳቤሽ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰ። በዚያው ቀን ለእናትሽ አነበብኩላት። ድገሙልኝ ስላለችኝ ደግሜ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታዋለች።

የባንግ ጄሙክን የትውልድ ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት ላኪልኝ፤ ካንቺ ጋር መስማማቱን አያለሁ። ሠርጉን እስከ ኦክቶበር ማቆየት አያስፈልግም። ቢፈጥን ይሻላል።

መድኃኒቱ ደርሷል። ከእንግዲህ አትላኪ። ጉልበቷ አያማትም።

ራስሽን ጠብቂ።

ናም ሳንጊ


ቦሁም
ኤፕሪል 16 ቀን 1973

ለተከበሩ አጎቴ

የፀደዩ ነፋስ እንዳይጎዳዎ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ሰባት ጊዜ አነበብኩት። ፈልጌ ያጣሁትን ነገር ያውቁታል። ባል ላገባ ነው ብዬ ጻፍኩልዎ፤ እርስዎ ስለ አበባ፣ ስለ ትውልድ ሰዓት፣ ስለ መድኃኒት ጻፉልኝ። የደስታ መስመር ግን የለም። የጎረቤት ላም ስትወልድ እንኳ «ደስታዬ ልክ የለውም» ብለው በብሩሽ ጽፈው የሚልኩ ሰው ነዎት! ሦስተኛውን ደንብ ያስተማሩኝ ራስዎ አይደሉም?

እናቴስ ምን አለች? «ሰምታዋለች» ብለዋል። ጆሮ እንዳላትማ አውቃለሁ። እናቴ የጨው ዋጋ ጨመረ ሲሏት እንኳ ግማሽ ቀን የምታወራ ሴት ናት፤ ልጇ ልታገባ ነው ሲሏት ዝም አለች? ሃያ ዓመት ያሰቃያት ጉልበትስ እንዴት ሆኖ ባንድ ክረምት ዳነ? መድኃኒቱ እንደሆነ በደረሰበት ቀን አይፈውስም፤ ነርስ እኮ ነኝ።

ለጄሙክ አነበብኩለት።

«ጠልተውኛል» አለ።

«ቢጠሉህማ ይሰድቡህ ነበር። ስድብ አይሰስቱም።»

«ታዲያ ለምን ፍጠኑ ይላሉ? ሰው የጠላውን አማች ያዘገየዋል እንጂ ያፋጥነዋል?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው።»

«ፎቶዬን አይተው ይሆናል፤ ልጅቷ ዓይኗ ሳይገለጥ ትጠቅለል ብለው» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

የትውልድ ሰዓቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እባክዎ እናቴ ያለችውን ይጻፉልኝ፤ ቾላ አይገባም ብላም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ማልሱን


ሶንጎክ
ሜይ 14 ቀን 1973

ለማልሱን

የሩዝ ችግኝ የሚተከልበት ጊዜ ስለሆነ መልሴ ዘገየ።

የባንግ ጄሙክን ሰዓት አይቻለሁ፤ ከአንቺ ጋር ይስማማል። የቾላ ሰው መሆኑን በተመለከተ በልቤ ያለ ቅሬታ የለም። ስለ ቾላ ሰዎች በአንቺ ፊት የተናገርኩት ትክክል አልነበረም። ሠርጉ በጁላይ ይሁን።

ለእናትሽ አታስቢ። ጠዋትና ማታ ሩዟንና ሾርባዋን እኔው ራሴ አቀርብላታለሁ። አንድም ቀን አላጓደልኩም።

ምን እንዳለች ጠይቀሻል። ተናግራለች። በአግባቡ ልጽፈው አልቻልኩም እንጂ ተናግራለች።

ናም ሳንጊ


ቦሁም
ጁን 2 ቀን 1973

ለተከበሩ አጎቴ

ጤናዎን ከጠየቅሁ በኋላ ወዲያው ወደ ጉዳዬ ስለምገባ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እርስዎ የምግብ ገበታ ተሸክመው? እርስዎ? ውሃ ሲጠማዎ ከከሰል ቤት ድረስ ሰው የሚጠሩት፣ ኩሽና የገባ ወንድ ጢሙ ይረግፋል እያሉ የሚያስፈራሩን አጎቴ፣ ለእናቴ ሾርባ ይዘው ይገባሉ? ያን ለማመን ወይ እርስዎ ማበድ አለብዎት፣ ወይ እናቴ ከአልጋ መነሳት አቅቷታል። የትኛው ነው?

ወሬም ሰምቻለሁ። አብራኝ የምትኖረው ኦ ሚጃ፣ እህቷ ያገባችው ከሶንጎክ ገበያ ማዶ ባለው መንደር ነው። እህቷ የጻፈችውን አሳየችኝ፦ «የማልሱን እናት ደጃፍ ላይ ሁልጊዜ ሽማግሌው ናቸው የሚታዩት። ቤቱን ይዘውታል መሰለኝ።» ሚጃ ደብዳቤውን እያጣጠፈች «ወንድ ልጅ የሌለው ቤት የዘመድ ነው፤ አታውቂም እንዴ?» አለችኝ። ሰደብኳት። ቆይቼ ግን አሰብኩበት። ልጅቷ በጁላይ ካገባች የባሏ ቤት ሰው ናት፤ ቤቱም፣ ከወንዙ አጠገብ ያለው ማሳም ባለቤት የለውም። ታዲያ የሚቸኩለው ሠርጌ ነው ወይስ ቤቱ?

ይህን ለአባት ወገን መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ጻፍኩት። ቢቆጡ ይቆጡ።

እኔ የምፈልገው አንዲት መስመር ነው። «ደስታዬ ልክ የለውም» ብለው በእናቴም በእርስዎም ስም በብሩሽ ይጻፉልኝ። እጅዎን አውቀዋለሁ፤ ውሸት ሲጽፉ ይንቀጠቀጣል። ያቺ መስመር ካልመጣች ሠርግ የለም፤ የሦስት ዓመቱን ውሌን አፍርሼ በመኸር አገሬ እገባለሁ። ከዚያ ገበታውን ማን እንደሚያቀርብ በዓይኔ አያለሁ።

ማልሱን


ሶንጎክ
ጁን 24 ቀን 1973

ለማልሱን

ቤቱ ያንቺ ነው። ማሳውም ያንቺ ነው። በመንደሩ ሹም ፊት አስጽፌዋለሁ፤ ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ።

የዝናቡ ወራት ገብቷል። አትምጪ። ውልሽን አታፍርሺ።

ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ አደርጋለሁ። ያቺን መስመር ግን መጻፍ አልችልም።

ናም ሳንጊ


ቦሁም
ጁላይ 8 ቀን 1973

አጎቴ

ትናንት ጄሙክ ከሥራ ተናድዶ መጣ። የመንደሩ ልጅ የሆነ፣ አብሮት የሚቆፍር ሰው አለ፤ ሠርጋችንን ሲነግረው እንኳን ደስ ያለህ አላለውም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

«ምን አደረግኸው?» አልኩት።

«ምንም! ኋላ ሌሎቹ ነገሩኝ። ባለፈው ወር አባቱ ሞቶበታል ለካ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዴት ደስ ብሎኛል ይላል? ባፉም አይወጣም፣ በእጁም አይጽፍም። እኔ ነኝ አህያው፤ አፌን ከፍቼ ስለ ሠርግ የማወራለት።»

ሳህን እያጠብኩ ነበር። ከእጄ ወደቀ።

አራተኛው ደንብ። በፒፓው የመቱኝ ቀን የተማርነው።

አጎቴ፣ የለበሱት ልብስ ምንድን ነው? ጥጥ ነው ወይስ ማቅ?

ማልሱን


ሶንጎክ
ጁላይ 25 ቀን 1973

ማልሱን፣ ማቅ ነው።

እናትሽ ያረፈችው በማርች 12 ጠዋት ነው። ከክረምቱ ጀምሮ ደረቷን ያማት ነበር፤ እንዳልጽፍልሽ ከልክላኝ ነበር። ወንድ ልጅ ስለሌላት በልጅ ቦታ ቆሜ ነጩን ማቅ የለበስኩት እኔ ነኝ። በዝምድናችን ርቀት ሦስት ወር ይበቃኝ ነበር። የመንደሩ ሹምም ሁለት ጊዜ መጥቶ አሁን አዲሱ ሕግ ከመቶ ቀን በላይ አይፈቅድም ብሎኛል። ሁለት ዓመት እለብሰዋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አንድም ውሸት አልጻፍኩልሽም። ጉልበቷ አያማትም። ሩዝና ሾርባዋን ጠዋትና ማታ በመንፈሷ ገበታ ላይ እኔ ነኝ የማስቀምጠው። ደጃፏ ላይ የምታየኝ የሚጃ እህትም አልዋሸችም። እውነት እውነቱን እየጻፍኩ አታለልኩሽ፤ ይህ ከውሸት ይከፋል።

ደብዳቤሽ የደረሰ ቀን ተኝታ ነበር። ሳነብላት ተነስታ ተቀመጠች።

«ናጁ ነው ያሉኝ?» አለች።

«አዎ፣ ናጁ።»

«የናጁ ፒር ጥሩ ነው። ጥርስ ለሌለውም ይሆናል። ይዘፍናል ነው ያለችው? እስቲ ያንን ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላት። ሳቀች።

«ሟቹ ባሌ አንድ ቀን እንኳ አልዘፈነልኝም። ደስ ብሎኛል። ይጻፉላት። ደስ ብሎኛል፣ ደስ ብሎኛል ብላለች ይበሉ።»

«እንደሱ ተብሎማ አይጻፍም» አልኳት። «የሙሽራው ወገን የሚያነበው ደብዳቤ ነው። ሥርዓት አለው።»

«እንግዲያው ፈጠን ይበሉ። እርስዎ ሥርዓት ሲፈልጉ ልጅቷ ታረጃለች።»

ቤቴ ገብቼ ቀለም ፈጨሁ። እናት ስለ ሴት ልጇ ጋብቻ፣ ለማያውቁት ቤት፣ በሌላ ሰው እጅ ስታስጽፍ ደስታዋን ምን ያህል ከፍ፣ ምን ያህል ዝቅ ማድረግ እንዳለባት መወሰን አቃተኝ። የአባቴን የደብዳቤ መጽሐፍ አገላበጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። በሁለተኛው ቀን ልጠይቃት ስሄድ «ጻፉላት?» አለችኝ፤ «ነገ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ አጥሯት አገኘኋት። «ካወቀች ሠርጉን ትታ ትመጣለችና እስክታገባ እንዳይነግሯት» አለችኝ። ማልኩላት። ከዚያም እንደገና «ጻፉላት?» አለችኝ። «እየጨረስኩ ነው» አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ሞተች። ወረቀቱ ላይ «ደስታዬ ልክ» የሚል ነበር፤ «የለውም» የሚለውን ገና አልጻፍኩትም ነበር።

ማቁን ከለበስኩ በኋላ ደግሞ መጨረስ አልቻልኩም። ስድሳ ሦስት ዓመት የኖርኩበት ነገር ነው። እጄን ብቆርጠው አይጽፈውም።

የሞት ደብዳቤ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ከደጅ ነው የሚሰካው። አንቺ በአንድ ክፍል ከሦስት ሴቶች ጋር ትኖሪያለሽ። በየትኛው ደጅ ልስካው? ይህንንም ሰበብ አድርጌ አራት ወር ቆየሁ።

መሐላዬን አፍርሻለሁ። የፈለግሽውን በይኝ።

ናም ሳንጊ


ቦሁም
ኦክቶበር 21 ቀን 1973

ለተከበሩ አጎቴ

መኸር ገብቷልና ማቁ ቀጭን ስለሆነ ከውስጥ የሚሞቅ ነገር ይልበሱ።

ይህን ያህል ጊዜ ያልጻፍኩት ተናድጄ ነው። አሁንም አልቀየምኩዎትም ብል ዋሾ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ! ደስ ብሎኛል ማለት ምን ይከብዳል? ደብዳቤ በአውሮፕላን ከሚመጣበት አገር አንዲት ቃል ስጠብቅ እርስዎ ከፍና ዝቅ ሲያደርጓት ነበር። ከእንግዲህ የሚጽፉልኝን ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው የማነበው፤ መጀመሪያ የተጻፈውን፣ ቀጥሎ ያልተጻፈውን።

ትናንት አገባሁ። ብዙ አለቀስኩ፣ ሠርጉን ልሰርዝ ነበር። ጄሙክም ሁለት ዓመት እጠብቃለሁ ብሎ ነበር። ኋላ ግን እናቴ ያለችውን አሰብኩ፤ ካወቀች ትተዋለች ብላ ነው የሞተችው። ካወቅሁም በኋላ አልተውኩትም።

ነጭ ለበስኩ። እዚህ ሙሽራ ነጭ ነው የምትለብሰው። ከፀጉሬ ኋላ የማቅ ጥብጣብ ሰካሁ። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ጥብጣቡን ነካ አድርጋ «እንዴት ያምራል» አለችኝ። ለእናቴም ለጄሙክም በአንድ ልብስ ቆምኩ፤ ከእሱና ከሚጃ በቀር ያወቀ የለም።

ጄሙክ ጆሮዬ ላይ «መዝፈን ነውር ነው አይደል?» አለኝ።

«እናቴ የወደደችህ በእሱ ነው። ዝፈን» አልኩት።

ዘፈነ። ድምፁ አስቀያሚ ነው፤ ያንን ደብቄያችሁ ነበር።

ማቅ ላይ ነኝና በዚህ ደብዳቤ የደስታ መስመር የለም። ደንብ ነው። ገበታዋን አያጓድሉባት።

ማልሱን


ሶንጎክ
ማርች 21 ቀን 1975

ለማልሱን

ትናንት በጨረቃ አቆጣጠር የእናትሽ ሁለተኛ ዓመት ተዘከረ። ዛሬ ጠዋት ማቁን አውልቄ አቃጠልኩት።

ባለፈው መኸር ሴት ልጅ መውለድሽን ጽፈሽልኝ አልመለስኩልሽም። ለምን እንደሆነ እንደምታውቂ አውቅ ነበር፤ ግን ደብዳቤሽን በየቀኑ አወጣው ነበር።

ሁለት ዓመት በመሳቢያዬ የቆየውን ወረቀት አወጣሁ። «ደስታዬ ልክ» ይላል። ልጨርሰው ብሩሽ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ከልጅ ልጄ ደብተር ቅጠል ገንጥዬ በእርሳስ ነው ይህን የምጽፍልሽ። መስመር አልቀየርኩም፣ ከፍም ዝቅም አላደረግሁም። እናትሽ እንዲህ አለች፦ ደስ ብሎኛል፣ ደስ ብሎኛል።

እኔም ደስ ብሎኛል።

ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልሩጥ፤ ደግሜ አላነበውም።

ናም ሳንጊ